ኮምፒውተር የአማርኛን ዘዬ በድምፅ እንዲለይ ማድረግ፣ ቴሲስ ለምትሰሩ ከቀረፃ እስከ ውጤት

ይሄን የምፅፈው የማስተርስ ቴሲሳቸውን ዘዬ መለየት ላይ ለመስራት ላሰቡ ልጆች ነው። አንድ ሰው ሲያወራ ሰምቶ ጎጃም ነው፣ ጎንደር ነው፣ ወሎ ነው፣ ሸዋ ነው የሚል ሞዴል (ከተሰበሰበ ድምፅ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ማለቴ ነው። ርዕሱ ደስ ይላል፣ ግን አብዛኛው ሰው ሞዴሉ ላይ ስንት ወር ሲደክም ይከርምና ዳታውን በሁለት ሳምንት ሰብስቦ ይጨርሳል። ስራው ያለው ዳታው ላይ ነው።

መጀመሪያ የምትለዩት ምን እንደሆነ ቁርጥ አድርጋችሁ ወስኑ። አንዱ "ናት" ሌላው "ነች" ቢል የቃል ልዩነት ነው፣ አንዱ "ፀሐይ" ሌላው "ጠሐይ" ካለ የድምፅ ልዩነት ነው፣ ከዛ ደግሞ ዜማው አለ፣ አረፍተ ነገሩን የት ላይ እንደሚያነሳውና የት እንደሚጥለው። ሶስቱንም ባንድ ላይ ከጨመራችሁ በኋላ አድቫይዘራችሁ "ሞዴሉ የለየው በምኑ ነው?" ሲላችሁ መልስ ታጣላችሁ። ንግግሩን ወደ ፅሁፍ የምትገለብጡ ከሆነ ደግሞ "ጠሐይ" ያለውን "ፀሐይ" ብላችሁ እንዳታርሙት፣ የሰማችሁትን ፃፉ። ሀ ሐ ኀን ወይም ሰ ሠን ወደ አንድ ማምጣት ችግር የለውም፣ ድምፃቸው አንድ ነው። መጥበቅና መላላት ግን ፊደላችን ላይ አይታይም፣ "ገና" በዓሉም "ገና" አልደረሰም የምንለውም አንድ አይነት ነው የሚፃፉት፣ ስለዚህ ሁሌም ወደ ድምፁ መመለስ አለባችሁ።

ሰው ስትመርጡ የት ተወለድክ ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ በ5 ዓመቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው ጎጃም ተብሎ ከተመዘገበ ሞዴሉን እያሳሳታችሁት ነው። እስከ 15 ዓመቱ የት አደገ፣ እናትና አባቱ የየት ናቸው፣ ቤት ውስጥ አገውኛ ወይ ኦሮምኛ ወይ ሌላ ቋንቋ ይወራል ወይ፣ ከአገሩ ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፣ እነዚህን ሁሉ መዝግቡ፣ ወረዳውንም ጭምር፣ ምክንያቱም "ወሎ" ብላችሁ አንድ ሳጥን ውስጥ የከተታችሁት ስንት አይነት አነጋገር አለው። የተቀላቀለባቸውን ሰዎች አትጣሏቸው፣ ለብቻ አስቀምጧቸውና መጨረሻ ላይ ሞዴሉ ምን እንደሚላቸው እዩ።

ለአንድ ቴሲስ ከ4 አካባቢ 20 20 ሰው፣ ግማሹ ሴት፣ በየሰው 10 ደቂቃ ጥሩ መነሻ ነው። 80 ሰው 800 ደቂቃ፣ ማለትም 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይሆናል። በ16 ኪሎኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ ባንድ ቻናል፣ በዌቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው) ከቀረፃችሁ ሁሉም ተደምሮ 1.5 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ፍላሽ ላይ ይገባል። በቴሌግራም ቮይስ አስልካችሁ አትሰብስቡ፣ ቴሌግራም ድምፁን ይጨምቀዋል። የግድ ከሆነ ዌቩን እንደ ፋይል ይላኩት።

ወረቀት አታስነብቡ። ሰው ሲያነብ ሁሉም ዜና አንባቢ ይሆናል፣ ዘዬው ይጠፋል። ጠላ እንዴት ይጠመቃል፣ እናንተ ጋር ሰርግ እንዴት ይደገሳል ብላችሁ አስወሩት፣ ጥያቄው ግን ለ4ቱም አካባቢ አንድ አይነት ይሁን። የሚጠይቀው ሰው የዛው አገር ልጅ ቢሆን በጣም ይመረጣል፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባ ልጅ መቅረፂያ ይዞ ከፊታቸው ሲቀመጥ አማርኛቸውን ወደሱ ያስጠጋሉ፣ የሚያውቁት ሰው ሲጠይቃቸው ግን እንደ ቤታቸው ነው የሚያወሩት።

አሁን ዋናው ነገር። ጎጃምን በአንድ ስልክ ጎንደርን በሌላ ስልክ ከቀረፃችሁ ኮምፒውተሩ የሚማረው ዘዬ ሳይሆን ማይክራፎን ሊሆን ይችላል። አንድ መቅረፂያ ይዛችሁ ሁሉም ቦታ ዙሩ፣ ካልሆነም ሁለቱንም ስልኮች ሁለቱም ቦታ ተጠቀሙ። ማረጋገጫም አለው፣ ከያንዳንዱ ሰው በፊት 30 ሰከንድ ዝምታ ቅረፁ፣ ከዛ ሞዴሉን በዝምታው ብቻ አሰልጥኑትና ፈትኑት፣ ማንም ባላወራበት ድምፅ አካባቢውን ካወቀ ዳታችሁ ተበክሏል ማለት ነው።

ሌላው ዳታውን ለስልጠናና ለፈተና ስትከፍሉ ነው። የ10 ደቂቃውን ንግግር በ10 ሰከንድ ብትቆርጡት ከአንድ ሰው 60 ቁራጭ ይወጣል። ቁራጮቹን ዝም ብላችሁ በውዝወዛ ከከፈላችኋቸው ያው ሰው ስልጠናውም ፈተናውም ውስጥ ይገባል፣ ሞዴሉም የሚያውቀው የሰውዬውን ድምፅ እንጂ የጎንደርን አነጋገር አይሆንም። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚህ አድርጌ ያገኘሁት ውጤት በጣም አስደስቶኝ ነበር፣ በሰው ስከፍለው ግን ክፉኛ ወረደ፣ ትክክለኛው ያ የወረደው ነበር። ስለዚህ ክፍፍሉ በሰው ይሁን። ሳይኪት ለርን በሚባለው የፓይተን (የፕሮግራም መፃፊያ ቋንቋ) ላይብረሪ ውስጥ ግሩፕ ኬ ፎልድ የሚባለው ይሄንኑ ይሰራላችኋል፣ የሰውየውን መለያ ቁጥር መስጠት ብቻ ነው።

ሞዴሉን በቀላሉ ጀምሩ። ድምፁን በ25 ሚሊሰከንድ መስኮት በየ10 ሚሊሰከንዱ እየቆረጣችሁ 13 ኤምኤፍሲሲ (የድምፁን ቅርፅ የሚገልፁ ቁጥሮች) ማውጣት፣ ከነለውጣቸውና ከለውጣቸው ለውጥ ጋር 39 ይሆናሉ፣ ሊብሮሳ የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ይሰራዋል። ዜማውን ለማየት ደግሞ ፕራት የሚባለው የድምፅ መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና የፒች መስመሩን (ድምፁ ሲቀጥንና ሲወፍር የሚያሳየውን) በዓይናችሁ እዩት፣ ይሄን ሳታደርጉ ሞዴል ውስጥ አትግቡ። ከዛ በኋላ ሜታ በ2021 (በፈረንጆቹ) የለቀቀው ኤክስኤልኤስ አር የሚባል ዝግጁ የንግግር ሞዴል አለ፣ በ128 ቋንቋ የሰለጠነ ነው፣ ከሱ ትንሹን ጉግል ኮላብ (በኢንተርኔት የጉግልን ኮምፒውተር የምትጠቀሙበት) ላይ በናንተ ዳታ ማስተካከል ይቻላል። ቀላሉንና ይሄንን አወዳድሩ።

ውጤት ስትፅፉ አንድ ፐርሰንት ብቻ አታስቀምጡ። 4 አካባቢ እኩል ካለ በግምት ብቻ 25 ፐርሰንት ይገኛል፣ ከዛ ምን ያህል እንደራቃችሁ ይታይ። የቱ ከየቱ ጋር እንደተምታታ ሰንጠረዡን አስገቡ። ያንኑ ድምፅ ደግሞ ለሰዎች አሰምታችሁ እነሱስ ስንቱን እንደሚያውቁ መዝግቡ፣ ሰው ራሱ የማይለየውን ኮምፒውተር ለየ ካለ እንደገና ዳታውን ፈትሹ።

የመጨረሻው ሰዎቹን የሚመለከት ነው። አገራችን ውስጥ አንድ ሰው ከአነጋገሩ የየት ነው ተብሎ መለየቱ ሊጎዳው ይችላል። ለምን እንደምትቀርፁ በአማርኛ በደንብ አስረዷቸው፣ ፈቃዳቸውን በፅሁፍ ወይም እዛው ቀረፃው ላይ ውሰዱ፣ ስማቸውንና ስልካቸውን ከድምፁ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡ፣ በኋላ ላይ ድምፄን አጥፉልኝ ካሉ የምታጠፉበት መለያ ቁጥር እነሱም ጋር ይኑር።