ውሮ ከኢንሱሊን የወጣችው እንዲህ ነው

ድመቴ ውሮ ስኳር እንዳለባት የታወቀው ውሃ መጠጣት ስላበዛች ነው። እየበላች ትከሳለች። ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ 2 ዩኒት ኢንሱሊን አዘዙላት። መውጋቱን ቶሎ ለመድኩት። ያልገባኝ ምግቧ ነበር። ወተት የነካ ዳቦና የወጥ ፍርፍር ነበር የምሰጣት። ድመት ሥጋ በል ናት፤ ያ ሁሉ ዳቦ ስኳሯን ይሰቅለዋል።

ዳቦውን ጭራሽ ተውኩት፣ ሐኪሙን እያማከርኩ። ሐዋሳ ተቀምጦ መቼም ዓሣ አይታጣም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆሮሶ አመጣለሁ፣ እሾሁን እለቅማለሁ፣ ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት እቀቅላለሁ። ከዶሮና ከበሬ ልብ ጋር አፈራርቃለሁ። ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው፤ ያን ሁሉ ወጥ ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ምግቡ ተቀይሮ ኢንሱሊኑ ካልተቀነሰ ግን ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ ከመርፌ በፊት፣ ከጆሮዋ ጠርዝ ጠብታ ደም ወስጄ በሰው የስኳር መለኪያ እለካለሁ። የሰው መለኪያ ለድመት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው፤ ቢሆንም አካሄዱን ያሳያል። አንድ ማለዳ 48 mg/dL አለ፤ በጣም ወርዷል ማለት ነው። ውሮ ትንገዳገዳለች፣ ስጠራት አትዞርም። መርፌውን ትቼ በጣቴ ማር ድዷ ላይ ቀባሁና ለሐኪሙ ደወልኩ። ከዚያ ወደ 1 ዩኒት ወረድን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ግማሽ፣ ቀጥሎም ጨርሶ ቆመ።

ይኸው 5 ወሯ። በሳምንት አንዴ እለካታለሁ፤ ስኳሩ ሊመለስ ይችላልና።