በፎቶ ስለተዳሩ ስደተኛ ሴቶች ታሪካዊ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

ሰውየው ውጭ አገር፣ ልጅቷ አገር ቤት፣ በመሃል ፎቶና አገናኝ። ይህን ጉዳይ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ሃዋይ ሸንኮራ እርሻ ላይ የነበሩ ጃፓኖችም ከመቶ ዓመት በፊት እንዲሁ ነበር የሚያገቡት። ለታሪካዊ ልቦለድ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ አላውቅም። ስለዚህ በእሱ ላሳያችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ ዓመቱን ያዙ። ፍቅሩ ይቆየን። በ1907 እና 1908 ጃፓንና አሜሪካ ተስማምተው አዲስ የጉልበት ሠራተኛ መሄዱ ቆመ። ቀድሞ የሄደው ግን ሚስት ማስመጣት ይችል ነበር። ፎቶ ልኮ የሚያገባው ወንደላጤ በዛ። በ1924 የአሜሪካ ሕግ በሩን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ታሪካችሁ በእነዚህ ዓመታት መካከል ነው።

ቀጥሎ ወረቀቱን አጥኑ። ልጅቷ ስሟ በባሏ ቤተሰብ መዝገብ ሲሰፍር ጃፓን ውስጥ ሚስት ሆነች፤ እሱ ባይኖርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የአሜሪካ ሹሞች ይህን አልተቀበሉም። ወደብ ላይ በጅምላ እንደገና ያጋቧቸው ነበር። እንግዲህ መርከብ ላይ ሆና እዚያ ሚስት ናት፣ እዚህ ገና አይደለችም። በዚህ ክፍተት ብቻ አንድ ምዕራፍ ይጻፋል።

አሁን ምስጢሩ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ወንዶቹ የወጣትነት ፎቶ ወይም የጓደኛ ፎቶ ይልኩ እንደነበር እውነት ነው። ግን ይህ ምስጢር ወደብ ላይ ያልቃል። አየችው፣ ደነገጠች፣ በቃ። ልቦለድ የሚሸከም ምስጢር በየቀኑ መደበቅ ያለበት ነው።

በጃፓን ደቡብ ያሉት የኦኪናዋ ደሴቶች ሴቶች የእጃቸውን ጀርባ ይነቀሱ ነበር። የጃፓን መንግሥት በ1899 ከለከለው። ሃዋይ ውስጥ ሌሎቹ ጃፓኖች ኦኪናዋዎችን ይንቁ ስለነበር፣ ንቅሳት ያላት ሴት እጇን ትደብቅ ነበር። እንግዲህ ባልየው ከኦኪናዋ መሆኑን ከእርሻው ሰው ደብቆ የሚኖር ቢሆንስ? የሚስቱ እጅ ያጋልጠዋል። ቀን ችግር የለም፤ የአገዳ ቅጠል ስለሚቆርጥ ሴቶቹ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚሠሩት። ማታ ግን የጋራ መታጠቢያ አለ። ጨርቁ ይፈታል። ሴቶቹ ያያሉ።

እዚህ ላይ ዕድሜ አስሉ። በ1910 የመጣችው ሙሽራ 26 ዓመቷ ከሆነ፣ እገዳው ሲወጣ 15 ነበረች፤ ያስኬዳል። 18 ካላችኋት ግን ያኔ 7 ዓመቷ ነው፤ በስውር የነቀሰቻት ሴት መፍጠር ሊኖርባችሁ ነው። አንባቢ አያሰላም ብላችሁ አትዘናጉ። ያሰላል።

የሴቶቹን መረዳዳት ስትጽፉ ማር አታብዙበት። ሴት ስለሆኑ ብቻ አይዋደዱም። አንዷ አይታ ዝም የምትለው ፈርታ ነው፤ ሌላዋ የራሷ ጉድ ስላላት፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ዝምታዋን ልትሸጠው ትፈልጋለች። የሚያስተሳስራቸው ገንዘብ ቢሆን እመርጣለሁ። የወንደላጤዎቹን ልብስ እያጠቡ፣ ምግብ እያበሰሉ የራሳቸውን ሳንቲም ያገኙ ነበር። ጃፓኖቹ «ታኖሞሺ» የሚሉት ቁርጥ የእኛው እቁብ ነው። ሴቶቹን እዚያ አስቀምጡና ጥያቄ አንሱ፦ መጀመሪያ የሚደርሰው ለማን ነው? ለመርከብ መመለሻ የምትቆጥበዋ ዕጣዋን ለማን ትለቃለች? የዚህን መልስ ስታገኙ ሴራው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ማን ምን እንደሚያውቅ ለመቆጣጠር መተግበሪያ አትግዙ። አንድ ሉክ ወረቀት ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መስመር። ባልየው ገና ያልሰማውን ነገር በምዕራፍ ስድስት ሲናገር የምትይዙት በዚህ ነው።

ንግግሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ባሏን «ውዴ» ካለችው ሰርዙ።

ረቂቁን ለሰው ስትሰጡ «ወደድሽው?» አትበሉ። «ወደድኩት» ትላለች፣ ይሉኝታ አለ። ምስጢሩን የጠረጠረችበት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት እንድታደርግ ብቻ ጠይቋት። ምልክቱ ከመታጠቢያው ትዕይንት በፊት ከመጣ፣ ከዚያ ገጽ በፊት ስለ እጇ የጻፋችሁትን ቀንሱ።