አሮጌ ቫናችሁ ባትሪ እየበላ ካስቸገራችሁ፣ እነዚህን አታድርጉ

የድሬ ሙቀት ባትሪ ይገድላል፤ የሐረር ብርድ ደግሞ መሞቱን ይናገራል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ቆላ ላይ ሞተሩ ቶሎ ስለሚነሳ የደከመ ባትሪ ሳይታወቅበት ይከርማል። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሐረር ባደራችሁ ማግስት ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ «የሚበላ ነገር አለ» ብላችሁ ሽቦ ከመበርበራችሁ በፊት ባትሪውን ቻርጅ አድርጉና ገመዱን ፈታችሁ አሳድሩት። ጠዋት 12.6 ቮልት አካባቢ ካልቆየ፣ የበላው ሌላ ሳይሆን ራሱ ነው።

ከመንገድ እንደገባችሁ አትለኩ። ቁጥሩ ይዋሻል።

አሁን ወደሚያናድደኝ። እባካችሁ፣ ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ! «ወሪያ፣ ኔጋቲቩን ንቀለው፤ ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው።» ይሄን ያልሰማሁበት ጋራዥ የለም። ባትሪው ከመሃል ሲወጣ የዲናሞው ቮልቴጅ በቅጽበት ሽቅብ ይዘላል። ዳዮዱን (ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን)፣ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚቆጣጠረውን)፣ አንዳንዴ ቴፑንም ይዞ ይሄዳል። ደህና የነበረ ዲናሞ እዚያው፣ ዓይናችሁ እያየ ይቃጠላል። ሞተሩ ባይጠፋስ ምን አወቃችሁ? ዳዮዱ የተበላሸ ዲናሞም ሞተሩን አያጠፋም። ማታ ግን በዚያው በተበላሸው ዳዮድ በኩል ባትሪውን ሲመጥ ያድራል። ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የአምፔር መለኪያ፣ ውድ ዕቃ አይደለም። ሞተር አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየ እየሞላ ነው። አለቀ።

የሚበላውን አምፔር ስትለኩ የቴስተሩን ቀይ ገመድ 10 አምፔር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ኔጋቲቩን ፈታችሁ ቴስተሩን በባትሪውና በገመዱ መሃል አስገቡ። በዚህ ሁኔታ ሞተር ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ሞተሪኖው የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥለዋል። በርም ክፍት አትተዉ። የጣሪያ መብራት እየለኩ ግማሽ ቀን የሚያባክኑ አሉ። ከ50 ሚሊአምፔር በታች ከሆነ ሰላም ነው። ግማሽ አምፔር ከሆነ ግን 60 አምፔር ባትሪን በአምስት ቀን ባዶ ያደርገዋል። ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ መቼ እንደሚወርድ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ ማቆም ነው። በአሮጌ መኪና ላይ ሰው በኋላ የጨመረው ነገር ሁሉ ፊውዝ ሳጥኑን አያውቀውም፤ አምፕሊፋየሩም ኢንቨርተሩም ቀጥታ ከባትሪ ነው የተጠለፈው። የዲናሞው ወፍራም ሽቦም ብዙ ጊዜ በዚያ ሳጥን አያልፍም።

አንድ ሃይኤስ መጣልኝ፣ ከድሬው ሳቢያን ሰፈር። ባለቤቱ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቶ ፍራሽ፣ ትንሽ ፍሪጅና ሁለተኛ ባትሪ ገጥሞበታል። ከሌላ ጋራዥ «አዲስ ባትሪ ግዛ» ተብሎ ገዝቷል፤ እሱም ማደር አቃተው። ፊውዙን ሁሉ ነቀልኩ፣ ቴስተሩ 4 አምፔር ላይ ፍንክች አልል አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሁለቱን ባትሪዎች ብለካ ቮልታቸው እኩል ነው። ያኔ ጠረጠርኩ። ሞተር ሲጠፋ ሁለቱን መለየት የነበረበት ሪሌ ተጣብቆ ቀርቷል። በጠመንጃ መፍቻው እጀታ መታ ሳደርገው «ጠቅ» አለና ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ። በድሬ ሙቀት እረፍት የሌለው ፍሪጅ ሌሊቱን ሙሉ የሞተሩን ባትሪ ሲበላ ነበር የሚያድረው። መድኃኒቱ አንድ ሪሌ ነበር። የባትሪውን ዋጋ ማን ይመልስለት?

ሶላር ጣሪያ ላይ ያሰራችሁ፣ ኮንትሮለር ወይም ዳዮድ መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ፓኔሉ ቀን ከሰጠው ላይ ማታ መልሶ ይወስዳል።

የባትሪውን ጀርባም አትናቁት። አቧራና አሲድ ሲቀላቀሉ በላዩ ላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ፖዘቲቩ ላይ፣ ሌላውን ፕላስቲኩ ላይ አድርጋችሁ ቮልት ካሳየ፣ ገመዶቹን ፍቱና በቤኪንግ ሶዳና በውሃ እጠቡት። ክዳኖቹን ግን መጀመሪያ ጥብቅ አድርጉ፤ ሶዳው ውስጥ ከገባ አሲዱን ያበላሸዋል።