በጀት ሲቆረጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሯቸው፣ ግን ሊያስወግዷቸው የሚችሉ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ፣ ሰኔ ሲገባ፣ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና የምንጠጣ አምስት ስድስት ሰዎች አለን። አብዛኞቻችን አስተማሪዎች ነን። አንዱ ፋይናንስ ነው የሚሠራው፣ አንዷ ቤተ መጻሕፍት። ወሬው በኳስ ቢጀመር፣ በእምቦጭ ቢጀመር፣ መጨረሻው በጀት ላይ ያርፋል። ስንት ተጠየቀ፣ ስንት ተፈቀደ፣ ከየት ተቆረጠ።

እኔ ወደዚህ ከተማ ከመምጣቴ በፊት ሌላ ቦታ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። በጀት የሚቀነስበትን ስብሰባ ከውስጥ አይቼዋለሁ። ከዚህ በታች ከምጽፋቸው ስህተቶች ከፊሉን እኔው በእጄ ፈርሜባቸዋለሁ። ያኔ ማንም ያልጠየቀን አንድ ጥያቄ ነበር፦ ይህን ብር እኛ ካልከፈልነው ማን ይከፍለዋል? የሚቆረጥ ወጪ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ወደ ተማሪው፣ ወደ አቅራቢው ወይም ወደ መጪው ዓመት ይዞራል። ስህተቶቹን አንድ በአንድ ስታዩ ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

የብሩን ቁጥር ብቻ ማየት

"ዘንድሮ በጀታችን አልተነካም፣ እንዳምናው ነው" ሲባል ብዙ ሰው እፎይ ይላል። እፎይ አትበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላብራቶሪ ኬሚካሉ፣ የፕሪንተር ቀለሙ፣ የኮምፒውተር መለዋወጫው ከውጭ ነው የሚመጣው። እንዳምናው የተፈቀደ ብር አምና የገዛውን ግማሽ እንኳ ላይገዛ ይችላል። ያለ ደብዳቤ የመጣ ቅነሳ ማለት ይሄ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱ በዕቃ ይጻፍ። ስንት ተማሪ ስንት ሙከራ ይሠራል፣ ለዚያ ስንት ሊትር አልኮል፣ ስንት ጓንት ያስፈልጋል? ዋጋው ከዚያ በኋላ ይምጣ። "300 ሺህ ብር ጎደለን" ከማለት "ሁለተኛ ዓመቶች ከ12 ሙከራ 5ቱን አይሠሩም" ማለት ይሻላል፤ ይህኛውን የሰማ የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ዝም ብሎ አያልፈውም።

ከሁሉም እኩል መቁረጥ

"ከሁሉም ትምህርት ክፍል 20 በመቶ።" ፍትሐዊ ይመስላል፣ ጭቅጭቅም የለውም። ለዚህ ነው ሁሉም የሚወደው። ግን የታሪክ ትምህርት ክፍል ከደመወዝ ውጭ ያለው በጀት ወረቀትና አንድ የመስክ ጉዞ ነው እንበል። 20 በመቶው ሲነሳ ጉዞው በ20 በመቶ አያጥርም፤ ጭራሽ ይቀራል። ተማሪው እዚሁ አፍንጫው ሥር ያሉትን የጣና ገዳማት ሳያይ ይመረቃል። ኬሚስትሪ ላይ ደግሞ ያው 20 በመቶ ግማሽ ዓመት ያለ ሙከራ ማለት ሊሆን ይችላል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓውያኑ 2009 ከግዛቱ መንግሥት የሚያገኘው ገንዘብ ክፉኛ ሲቀነስበት ሠራተኞቹን ያለ ክፍያ ዕረፍት አስወጣ። ቅነሳው ግን እንደ ደመወዙ ይለያያል። ዝቅተኛ ተከፋዩ ላይ 4 በመቶ፣ ከፍተኛው ላይ 10 በመቶ። ማንም አልተደሰተበትም፣ ሰልፍም ነበር። ቢሆንም ሸክሙ የመሸከም አቅም ታይቶ ነው የተከፋፈለው። እኛም ብንሆን ማን ምን ያህል እንደሚችል መጠየቅ አያቅተንም፤ ትንሽ ጭቅጭቅ መቻል ነው።

ጥገናን መጀመሪያ መቁረጥ

ይሄኛው የእኔ ቁስል ነው።

ትምህርት ክፍላችን 24 ማይክሮስኮፖች ነበሩት። የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሁሌ የሚበራ ትንሽ አምፖል አለ፤ ሙቀቱ እርጥበት እንዳይገባ ያደርጋል። እርጥበት የሚመጥ ጨው መሰል ነገርም በትንንሽ ከረጢት ይቀመጥ ነበር። አንድ ዓመት የግዥ ጥያቄያችን በዛ ተብሎ ተመለሰ። እኔም እስክሪብቶ ይዤ ከታች ጀምሬ ሰረዝኩ። አምፖሉና ከረጢቶቹ "ልዩ ልዩ" የሚለው ውስጥ ነበሩ። አንድ ላይ ቢደመሩ ከአንድ ስብሰባ የሻይ ወጪ አይበልጡም።

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሽንኩርት ልጣጭ ሊያዩ ገቡ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ "መምህር፣ ሴሉ የትኛው ነው? ይሄ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋው ነው?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሻጋታ ነበር፤ ሌንሱ ውስጥ ገብቶ መስተዋቱን በቀጫጭን ክሮች ይዞታል። ሁሉንም አንድ በአንድ አወጣናቸው። በደንብ የሚያሳዩት 7 ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሚስተር 40 ተማሪ በ7 ማይክሮስኮፕ ተሰልፎ አየ። የኋላዎቹ ተራ ሳይደርሳቸው ሰዓቱ አለቀ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ነው። ጥገና ሲቆረጥ በዚያው ሳምንት የሚጮህ ሰው የለም። የጣሪያ አሸንዳ፣ የጄኔሬተር ዘይት፣ የውኃ ፓምፕ ጎማ፣ የአውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ክዳን ማሸጊያ፣ ሁሉም ዝም ብለው ነው የሚሞቱት። ባሕር ዳርን በመሰለ ሞቃትና ዝናባማ ከተማ ደግሞ ቶሎ ይሞታሉ። በጀት የምትቀንሱ ሰዎች፣ እባካችሁ "ልዩ ልዩ" የሚለውን መስመር ገልጣችሁ እዩ። መጀመሪያ ዕቃውን የሚነካውን ቴክኒሽያን ጠይቁ፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚሰርዝ ሰው የሚሰርዘውን ነገር አያውቀውም። እኔም አላወቅኩትም።

ቅጥር ማቆምና "የለቀቀ አይተካም" ማለት

ሰው ከማባረር ይሻላል ተብሎ ይመረጣል፣ ይገባኛል። ችግሩ ማን እንደሚለቅ ተቋሙ አይመርጥም። የሚለቀው ሌላ ቦታ የሚፈለገው ነው፦ ጥሩ የላብራቶሪ ቴክኒሽያን፣ ኔትወርክ የሚያስተካክል ልጅ፣ ሁለተኛ ዲግሪዋን ጨርሳ ውጭ ዕድል ያገኘች ወጣት መምህርት። ከዚያ ክፍሏ ለሌላው ይታደልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይጠየቃል። የዳነው ብር በዚያ በር ይወጣል። ቅጥር ማቆም ካልቀረ የማይቆምባቸው ቦታዎች በስም ይለዩ። እነሱ ሲለቁ በአንድ ወር ውስጥ ይተኩ።

አቅራቢን ማስጠበቅ

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለአንድ ተቋም ታቀርባለች። የቱ እንደሆነ አልጠራም። ለአራት ወር ክፍያዋ አልወጣም። ፋይናንስ ሄዳ "በጀቱ አልተለቀቀም፣ ጠብቂ" ይሏታል። አንድ ቀን ጠርታ "አንተ ልጅ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ ንገረኝ፣ ጤፍ የሚሰጠኝ ሰውዬ እኔን እስከ መስከረም ይጠብቀኛል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጤፉን በዱቤ ወሰደች፣ በውድ። በሚቀጥለው ጨረታ በእያንዳንዱ እንጀራ ላይ ዋጋ ጨመረች። ትክክል ናት። ሌሎች ሁለቱ ጭራሽ አልተወዳደሩም። አዘግይቶ የሚከፍል ተቋም በዓመቱ ሁሉንም ነገር በውድ ይገዛል፤ ይህ ወጪ ግን የትኛውም ሪፖርት ላይ "የማዘግየት ዋጋ" ተብሎ አይጻፍም። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ደግሞ ብዙ ሰው በዩኒቨርሲቲው ይኖራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ የኪራይ ቤቱ፣ ጉሊቱ። ጥቃቅን አቅራቢዎች ቀድመው ይከፈሉ። ትልቁ ድርጅት ሁለት ወር መቆየት ይችላል።

የሰኔ ጥድፊያ

በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል። ያልተጠቀሙበት ብር ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ "ብር የለም" ሲባል የከረመበት ግቢ፣ ሰኔ ላይ ወንበርና መደርደሪያ ጭኖ የሚገባ አይሱዙ ይሰለፍበታል። ሰዎቹ አባካኝ ሆነው አይደለም። ግዥው መስከረም ላይ ስላልተጀመረ ነው። ዝርዝር መግለጫ መጻፍ፣ ጨረታ ማውጣት፣ መክፈት፣ መገምገም፣ ቅሬታ መስማት ወራት ይፈጃል። ኬሚካል የሚፈልገው ሰው ሰነዱን የካቲት ላይ ካስገባ ሰኔ ላይ የሚደርስለት በቀላሉ የሚገኝ ነገር ብቻ ነው። መፍትሔው አሰልቺ ነው ግን ይሠራል፦ መግለጫዎቹን ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ ጨርሶ ማስቀመጥ። በማዕቀፍ ግዥ፣ ማለትም ዋጋውና አቅራቢው አስቀድሞ በውል በተያዘበት ግዥ፣ የሚገኘውን በዚያው መግዛት።

የተጀመረ ሳያልቅ አዲስ መጀመር

ይሄን በአጭሩ። ሃርቫርድ እንኳ በአውሮፓውያኑ 2009 የመዋዕለ ንዋይ ፈንዱ በ27 በመቶ ገደማ ሲወርድበት፣ ኦልስተን ላይ የጀመረውን ግዙፍ የሳይንስ ሕንፃ ግንባታ አቁሟል። የዓለም ሀብታሙ ዩኒቨርሲቲ ቆም ማለት ካላሳፈረው እኛን ሊያሳፍረን አይገባም። ቢያንስ አዲስ መሠረት ከማስቀመጥ በፊት መስኮት የጎደለው ሕንፃ ይጠናቀቅ።

ከተማሪው ሳህን መቀነስ

ሃርቫርድ ያኔ ሌላም ነገር አድርጎ ነበር። በተማሪዎች መኖሪያ የሥራ ቀን ትኩስ ቁርስ አስቀረ። እዚያ ያለ ተማሪ ወጣ ብሎ ሌላ ይገዛል። እኛ ጋ ከደምቢያ ወይም ከአቸፈር ገጠር የመጣ ልጅ ካፌው ካላበላው ማንም አያበላውም። ለዓመታት የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት 22 ብር እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከዘይትና ከጤፍ ዋጋ ጋር ሲታይ ግን አሁንም የሚቆነጠር ነገር የለውም። የተራበ ልጅ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተማረ ሰው ያውቃል። ከምግብ፣ ከክሊኒክ መድኃኒትና ከቤተ መጻሕፍት የማታ ሰዓት አትቁረጡ። ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ እንነጋገር።

ያለ መምህር ገቢ መፈለግ

አሁን ሁሉም "የውስጥ ገቢ" ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ሌሎቹም በዚያው መንገድ እንደሚሄዱ ይጠበቃል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ግን የኡጋንዳውን ማኬሬሬ እዩ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ከፋይ ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ አብዛኛው ተማሪ ከፋይ ሆነ። ገንዘቡ ገባ፣ የመምህራን ኑሮም ተሻሻለ። ከዚያ ክፍሎቹ ከአቅም በላይ ሞሉ፣ ከፋይ የሚስቡ ፕሮግራሞች በረከቱ፣ ጥራቱ ለዓመታት ሲያከራክር ኖረ። እኛም ቅዳሜና እሁድ አዲስ ፕሮግራም ስንከፍት ያው ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተምር የደከመው ሰው ነው ቆሞ የሚያስተምረው። የሰኞው ተማሪ የደከመ መምህር ይደርሰዋል። ፕሮግራሙ ከመከፈቱ በፊት "ማን ያስተምራል?" የሚለው በስም ይሞላ።

ቁጥሩን መደበቅ

የመጨረሻው ስህተት ዝምታ ነው። ሰው ሳይነገረው ሲቀር ያወራል፤ ወሬው ከቅነሳው ይከፋል።

አንድ ዲን አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ዓመት ሲመጣ መምህሩንም፣ ጽዳቱንም፣ ጥበቃውንም አንድ አዳራሽ ሰበሰበ። የተፈቀደውን፣ የተቆረጠውንና ቀሪውን ነጭ ሰሌዳ ላይ በትልቁ ጻፈው። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ ባዮሎጂና ግብርና ያንኑ ኬሚካል ለየብቻ እንደሚገዙ ተገኘ። አንድ መምህር የመስክ ጉዞዎቹ በአንድ አውቶቡስ ቢሄዱ አለ። ከኋላ ደግሞ የሌሊት ጥበቃ የሆኑ አባት እጃቸውን አውጥተው፣ "ከሴቶች ዶርም ጀርባ ያለው ታንከር ከጥር ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየሞላ ይፈሳል፣ ፓምፑን የሚያጠፋው የለም። የምነግረው ሰው አጥቼ ነው" አሉ። ዲኑ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። በማግስቱ ጠዋት ቴክኒሽያኑ መሰላል ይዞ ሄደ።