የባሊን መንደር ስትስሉ የሰሜን ቀስቷን ለኋላ አቆዩአት

ተማሪዎቼ የኢንዶኔዥያዋን ደሴት የባሊን ባህላዊ ግቢ ስለው ሲያመጡ መጀመሪያ የማየው ጥግ ላይ ያለችውን ቀስት ነው። «ካጃ፦ ሰሜን» ተብሎ ተጽፎባታል። ኧረ አይደለም! ካጃ ማለት ወደ ተራራው ነው፤ ከሎድ ደግሞ ወደ ባሕሩ። በደቡብ ባሊ፣ ዴንፓሳር ወይም ኡቡድ ከተማ ሆናችሁ ካያችሁት ተራራው በሰሜን በኩል ስለሆነ ካጃና ሰሜን ይገጥማሉ። ተራራውን ተሻግራችሁ በሰሜን ጠረፍ ወዳለችው ሲንጋራጃ ከተማ ስትወርዱ ግን ባሕሩ በሰሜን ነው። እዚያ ካጃ ደቡብ ነው። ካንጊን የፀሐይ መውጫ ስለሆነ የትም ሄዳችሁ አይዞርም። ስለዚህ ሳንጋህ የሚሉት የቤተሰብ መቅደስ በደቡብ ባሊ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ላይ፣ በሰሜን ባሊ ደግሞ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ይቆማል።

እኔም ተሳስቻለሁ። ሲንጋራጃ አጠገብ አንድ ግቢ ስለካ «መቅደሱ ያለቦታው ነው» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ንድፌን አዩት፤ ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ተራራው አዞሩኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። የቀኑን ሥራ ሁሉ እንደገና ሳልኩት። ደጋ ውጣ፣ ቆላ ውረድ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም ነበር። እነሱ ጋ ነገሩ ቤት ውስጥም ይገባል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለችን ብርጭቆ ሳይቀር «ትንሽ ወደ ካጃ አድርጋት» ይባላል። ሲተኙም ራሳቸውን ወደ ካጃ ወይም ወደ ካንጊን ያደርጋሉ።

ሁለተኛው ስህተት ከሎድን የክፉ ነገር ቦታ ማድረግ ነው። እርግጥ ፑራ ዳለም የሚባለው፣ ከሞት ጋር የተያያዘው ቤተ መቅደስና መቃብሩ ወደ ከሎድ ናቸው። ፔንግሊፑራን ወደሚባለው መንደር ብትሄዱ ዋናው ቤተ መቅደስ በመንገዱ ላይኛው ጫፍ፣ መቃብሩ በታችኛው ነው። ነገር ግን ንየፒ ከሚባለው የባሊ አዲስ ዓመት በዓል በፊት የቤተ መቅደሱን ቅዱሳን ዕቃዎች ተሸክመው ለመንጻት የሚወርዱት ወደዚያው ባሕር ነው። ክፉ ብቻ ቢሆን ማን ይወርድ ነበር?

መሀል ያለውን ባዶ ሜዳ፣ ናታህን፣ «ጥቅም የሌለው ቦታ» አትበሉት። ግቢው የሚተነፍሰው በእሱ ነው።

የአምስት ቤት ስፋት ለክታችሁ አማካይ አታውጡ። ባህላዊው ግንበኛ፣ ኡንዳጊ፣ የሚሠራው በአባወራው ክንድና እጅ ልክ ነው። የጎረቤት ቤት በጥቂት ጣት ቢለይ ስህተት አይደለም፤ የሌላ ሰው አካል ነው።

የመጨረሻው የሚያሳዝነኝ ነው። ፎቅና ቆርቆሮ ያየ ተማሪ «ባህሉ ጠፍቷል» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ጣሪያው ላይ አልወጣም። ዴንፓሳር ውስጥ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆኑ ጠባብ ቤቶች አሉ። መሬቱ ስለማይበቃ፣ ከመቅደስ በላይም ሰው መራመድ ስለሌለበት፣ ብዙዎቹ ሳንጋሁን አናት ላይ ያወጡታል። ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ በካጃና በካንጊን መጋጠሚያ ጥግ ላይ፣ የጠዋቱ አበባና ዕጣን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።