ቦክስውድ ክረምቱን እንዲሻገር

ባሕር ዳር ላይ ቦክስውድን (ለአጥርና ለጌጥ የሚተከለውን ቁጥቋጦ) የሚገድለው ከውሃ ጥም ይልቅ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሥሩ አካባቢ የሚተኛው ውሃ ነው። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ። ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አይቀበር፤ ግንዱ አፈር ከለበሰ ልጡ ይበሰብሳል። ለአጥር ከሆነ በችግኞቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙ ሰው ውሃ ይጨምርበታል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጣታችሁን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ ርጥበት ካለው ተዉት። ሥሩ ታፍኖ ከሆነ ውሃ መጨመር ሞቱን ማፋጠን ነው።

መግረዙን ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ አድርጉት። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ከተገረዘ በሽታ በመቀሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛመታል፤ መቀሱንም በአልኮል ጥረጉት።