ለትልልቅ አውሬ አደን የጠመንጃ ካሊበር እንዴት ይመረጣል?

ብዙ ሰው ካሊበር (የበርሜሉን የውስጥ ስፋትና ጠመንጃው የሚተኩሰውን የጥይት ዓይነት) ሲመርጥ ከኋላ ይጀምራል፤ ጠመንጃውን ይወድና ምን እንደሚያድንበት ኋላ ያስባል። መቅደም ያለበት አውሬው ነው። ርቀቱ፣ ትከሻዎና አረሩ (ከበርሜሉ ወጥቶ የሚመታው የጥይቱ ራስ) ይከተላሉ፤ በርሜሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር መጨረሻ ይመጣል።

ቁጥሩ እንዳያታልልዎ

.308 ዊንቸስተር፣ .30-06 ስፕሪንግፊልድና .300 ዊንቸስተር ማግነም (ማግነም ማለት ብዙ ባሩድ የሚይዝ ኃይለኛ ጥይት ነው) ሦስቱም የሚተኩሱት .308 ኢንች ወይም 7.82 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አረር ነው። የሚለያቸው ባሩዱን የሚይዘው ቀለህ ነው፤ ርዝመቱ እንደ ቅደም ተከተላቸው 51፣ 63 እና 67 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ.30-06 ስም ውስጥ ያለው 06 ደግሞ ዓመተ ምሕረት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1906። .270 ዊንቸስተር ከነስሙ አሳሳች ነው፤ የአረሩ ትክክለኛ ውፍረት .277 ኢንች ወይም 7.04 ሚሊ ሜትር ነው።

1. አውሬውን ይወስኑ

ለሚዳቋና ለመሳሰሉት ትንንሾች .243 ዊንቸስተር ከ6.5 ግራም (100 ግሬን) አረር ጋር ይበቃል። ከዚያ ከፍ ላሉት፣ እስከ 150 ኪሎ ገደማ ለሚመዝኑ፣ 6.5 ክሪድሞር ከ9 ግራም አረር ጋር ጥሩ ምርጫ ነው፤ አረሩ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ከክብደቱ በላይ ጠልቆ ይገባል። ከ100 እስከ 300 ኪሎ ላለው አጋዘን .270፣ .308 እና .30-06 ለዘመናት የተመሰከረላቸው ናቸው። ከ300 ኪሎ በላይ ሲሆን .30-06ን ከ11.7 ግራም ጠንካራ አረር ጋር ወይም .300 ማግነምን ይያዙ።

ጎሽና ዝሆን ሌላ ጉዳይ ናቸው። በተወሰኑ የአፍሪካ አገሮች ሕግ .375 የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ .375 ኤች ኤንድ ኤች ማግነም 19.4 ግራም አረር በሰከንድ 770 ሜትር ገደማ ይወረውራል። .416 ሪግቢና .458 ዊንቸስተር ማግነም ከእሱ በላይ ናቸው። ከመነሳትዎ በፊት የሚያድኑበትን አገር ሕግና ፈቃድ ያጣሩ።

2. ርቀቱን በሐቅ ይገምቱ

ጠመንጃው 200 ሜትር ላይ በትክክል እንዲመታ ቢስተካከል፣ .308 ከ9.7 ግራም አረር ጋር 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል። .270 ከ8.4 ግራም ጋር የሚሻለው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ከ150 ሜትር በታች ደግሞ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። በጥሻ ውስጥ የሚያድን ሰው በማግነም የሚያተርፈው የትከሻ ሕመም ብቻ ነው።

3. ትከሻዎን ይፈትኑ

ግዳይ የሚጥለው ልብና ሳንባ ላይ ያረፈ አረር ነው፤ ትልቅ ካሊበር ሆድ ላይ ያረፈን አያካክስም። ስለዚህ ይህን ደረጃ እንዳይዘሉት። 3.6 ኪሎ በሚመዝን ጠመንጃ የ.243 ርግጫ 13 ጁል ገደማ ነው፤ የ.308 24፣ የ.30-06 27፣ የ.300 ማግነም 36፣ የ.375 ከ50 ያላነሰ።

ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ረዳት እርስዎ ሳያዩ ከእውነተኛ ጥይቶች መካከል ሁለት ባሩድ አልባ የመለማመጃ ጥይቶች ቀላቅሎ ያጉርስልዎ። የጆሮ መከላከያ አድርገው እንደ ወትሮው አነጣጥረው ምላጩን ይሳቡ። የመለማመጃው ተራ ሲደርስ ጠመንጃው ቀጭ ብሎ ዝም ይላል፤ አፈሙዙ በዚያች ቅጽበት ወደ ታች ከደፋ ወይም ዐይንዎ ከተጨፈነ፣ ርግጫው ሳይመጣ እየፈሩት ነው። በአንድ ደረጃ ይውረዱ። በ.308 የሚረጋ እጅ በ.300 ማግነም ከሚንቀጠቀጥ እጅ እጅግ ይበልጣል። አፈሙዝ ላይ የሚገጠም ርግጫ መቀነሻ ይረዳል፤ ጩኸቱን ግን ጎንዎ የቆመው ሰው ጆሮ ላይ ያበረታዋል።

4. አረሩን ከካሊበሩ ያላነሰ ያስቡበት

ለስላሳ አረር ከፈጣን ማግነም ወጥቶ በቅርብ ርቀት ወርች አጥንት ላይ ሲያርፍ ይበታተናል፤ ቁስሉ ሰፊ ቢመስልም ላይ ላዩን ነው፣ አውሬው ቆስሎ ጥሻ ይገባል። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ደግሞ በጣም ሩቅ ሄዶ ከቀዘቀዘ ሳይከፈት እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። እርሳስ ውስጡ ያለ የአደን አረር በደንብ እንዲከፈት ሲመታ በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ፍጥነት ሊኖረው ይገባል፤ መዳቡ 600 ገደማ ይፈልጋል። የጥይት ፓኮ ላይ የተጻፈውን የፍጥነት ሠንጠረዥ አይተው በሚተኩሱበት ርቀት ከዚህ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ለወፍራም አጥንት እርሳሱ ከውጭ ልባሱ ጋር የተጣበቀውን፣ ለዝሆን ፈጽሞ የማይከፈተውን ድፍን አረር ይምረጡ።

5. በርሜሉንና ጥይቱን ያገናኙ

በርሜሉ ላይ የተቀረጸውና ቀለሁ ግርጌ ላይ የታተመው ስም በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት። .308 ጥይት በ.270 ጠመንጃ ሊጎርስ ይችላል፤ 7.82 ሚሊ ሜትር አረር በ7.04 በርሜል ሲገፋ ግን ግፊቱ ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል። ሁለቱንም የያዘ ሰው ጥይቶቹን በአንድ ኪስ አይክተት።

የበርሜሉንም ጠመዝማዛ (አረሩን የሚያሽከረክረውን የውስጥ ቦይ) ይመልከቱ። በ10 ኢንች አንድ ዙር የሚዞር የ.243 በርሜል በጣም ረጅም አረሮችን አያረጋጋም፤ ወረቀት ላይ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። አጭር በርሜልም ፍጥነት ይበላል፤ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ 8 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይቀንሳል፣ ማግነም ላይ ይብሳል።

አንድ ጠመንጃ ብቻ ለሚገዛና ጎሽ ለማያድን ሰው ምክራችን .30-06 ነው፤ ርግጫው ለከበደው .308። ከዚያ የተለያየ አረር ያላቸው ሦስት ፓኮ ጥይቶች ይግዙ፤ በርሜሉ እየቀዘቀዘ በ100 ሜትር ሦስት ሦስት ይተኩሱ። ሦስቱን ቀዳዳ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ደጋግሞ የሰበሰበው ያ ጥይት የጠመንጃዎ ነው፤ ለአደኑ የሚበቃዎትን ከዚያው የምርት ቁጥር ይግዙ።